ለወለተሐና የተጠረገ መንገድ

ወንድሜ ቄስ ወልደአረጋይ ግቢውን መቆፈር የጀመረ ዕለት አብዷል ብዬ ነበር። አንኮበር ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ከተራራው ጋር እየተጣላ ነው የሚሠራው። የእኛም ግቢ እርከን በእርከን ነበር፤ ቤቱ ከላይ፣ በረቱ ከሱ ዝቅ ብሎ፣ ጎመኑ ከበረቱ በታች፣ የግቢው በር ደግሞ ከሁሉም ታች። ካንዱ ወደ አንዱ የሚወረደው በድንጋይ ደረጃ ነው። ደረጃውን አባታችን በእጁ የካበው ነው። ወልደአረጋይ እሱን ማፍረስ ጀመረ።

«ምን ነካህ?» አልሁት። «የአባትህን ካብ?»

«አባታችን ሲክበው ወለተሐና አልተወለደችም ነበር፣ እትዬ» አለኝ። ዶማውን ግን አላቆመም።

ወለተሐና ልጁ ናት። እናቷ በወሊድ ሞታ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ባሌ ሞቶብኝ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ስለነበር ለሁላችንም ደግ ሆነ። እንደ ማንም ልጅ ስትሮጥ፣ ስትወድቅ አድጋ አንድ ክረምት ትኩሳት ጣላት። ትኩሳቱ ሲለቃት እሷ ተነሣች፤ እግሮቿ ግን አልተነሡም። ጠበል ወሰድናት፣ ተሳልን፣ አለቀስን። እግሮቿ እንደ ባቄላ አገዳ ቀጥነው ቀሩ። አፏ ግን ምንም አልሆነም፤ ቀን ሙሉ ታወራለች።

ከዚያ ወዲህ ወደ ፀሐይ የማወጣት፣ ወደ ጥላ የማስገባት፣ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት በጀርባዬ አዝዬ ነው። ልጅ ሲያድግ ይከብዳል፤ አክስት ስታረጅ ትደክማለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ከነልጅቱ ተንከባለልሁ። ወልደአረጋይ ከቅዳሴ ሲመለስ ሁለታችንም ከደረጃው ሥር ተቀምጠን ስናለቅስ አገኘን። እኔ የማለቅሰው ለጉልበቴ ነበር። እሷ ግን «እኔ ነኝ የጣልኋት፣ እኔ ነኝ የከበድኋት» እያለች ነበር። ይህን ሲሰማ ወንድሜ ፊቱን አዞረ።

በሳምንቱ ጎረቤታችን አያ ኪዳነ ማርያም ጉልበቴን ሊጠይቅ መጣ። የሰፈሩ ሽማግሌ ነው፤ ብዙ በሬ ያለው፣ ቃሉ የሚከበር። ጉልበቴን ጠየቀና ምክር ጨመረበት።

«አባ፣ ልጅቱን ለማርያም ቢሰጧት ምናለበት? ደጀ ሰላሙ ሥር ትቀመጥ። በስሟ የሚመጸውት ሰው አይጠፋም። እሷም እንጀራዋን ትበላለች፣ እህትዎ ባፈናም ታርፋለች።»

በክፋት የተናገረው አልነበረም። በእኛ አገር እግሩ የከዳው፣ ዓይኑ የጠፋው ሁሉ ማረፊያው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ከዚያ የተሻለ ቦታ አለ ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም፤ እኔም አላሰብሁም ነበር። የወልደአረጋይ ፊት ግን ጠቆረ።

«አያ ኪዳነ ማርያም፣ ምክርዎን ሰማሁ። አሁን ደግሞ እርስዎ ይስሙኝ። በዚህ በያዝሁት መስቀል! እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄ እጇን ለልመና አትዘረጋም። የቤት ልጅ ናት። በዚህ ግቢ እንደ ቤት ልጅ ወጥታ ትገባለች።»

ቄስ አይምልም። ወንድሜ ማለ። በማግሥቱም ዶማ አነሣ።

መጀመሪያ ያደረገው ደረጃውን አፍርሶ በአፈር ሞልቶ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ማድረግ ነበር። ይህን ሲለፋ ያገኘው ዓወል ነው። ዓወል የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ከቆላ ጨው ጭኖ በወጣ ቁጥር እንስሶቹን በእኛ ግቢ ያሳርፋል፤ ከአባታችን ጀምሮ የቤቱ ወዳጅ ነው። ቆሞ አየና ሳቀ።

«ሱብሃነላህ! አባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ልጄ የምትወርድበት ነው።»

«የምትወርድበት ወይስ የምትወድቅበት? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ዳገት ስወጣ የተጫነ አህያ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አላየሁም። እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። አህያ ያወቀውን እኛ እንጣው?»

ወልደአረጋይ ዶማውን ጥሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። ልጅቱ ከታመመች ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ከባሕሩ ዳር ፈረንጆች ሸክም ስለሚገፉበት ነገር የነገረውም ያን ዕለት ዓወል ነው። ሳንቃ ነው አለ፤ ከሥሩ እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ እንጨት አለው፣ ጋሪ ይሉታል፣ ጠጠር ካልያዘው በአንድ ጣት ይገፋል። ወለተሐና በሩ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ዓይኗን አልነቀለችም።

ወልደአረጋይ ከዝግባ ግንድ ሁለት ክብ ቆርጦ፣ በጋለ ብረት መሃል መሃላቸውን በሳ። ሳንቃውም ቀላል ነበር። የቸገረው ሁለቱን ክቦች የሚያያይዘው አግዳሚ ነው። እርጥብ ወይራ ቆረጠ፤ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ሌላ ቆረጠ፤ እሱም ተሰነጠቀ። ከዚያ አንድ ቀን ከጣሪያው ሥር ቀና ብሎ ሲያይ አየሁትና ልቤ ደነገጠ። እዚያ የተሰቀለው የአባታችን ቀንበር ነው፤ በበሬ ጫንቃ ላይ አርጅቶ፣ በላብ ታሽቶ የጠነከረ።

በእኛ ዘንድ ያረጀ ቀንበር አይቆረጥም፣ አይነድም። ከጣሪያ ሥር ይሰቀልና ምስጥ እስኪበላው ይኖራል። ቀንበር የቆረጠ የበሬ አንገት ቆረጠ ይባላል።

«ተው ወልደአረጋይ» አልሁት። «የባላገር ወሬ ነው ትለኝ ይሆናል። ግን ቀንበሩን ተወው።»

«ቀንበር በሬ አይገድልም፣ እትዬ። ቀንበር እንጨት ነው።»

«እንጨት ከሆነ ጫካው ሙሉ አይደለም?»

«ጫካው እርጥብ ነው።»

አውርዶ ቆረጠው። ያውም በገበያ ቀን፣ ግቢው መሃል፣ ላይ ታች የሚለው መንገደኛ ሁሉ በአጥሩ እያየው። ጓዳ ገብቶ ቢቆርጠው ምን ነበረበት! ወንድሜ እንዲህ ነው፤ ልክ ነኝ ብሎ ካመነ ሰው ያየኛል አይልም። አያ ኪዳነ ማርያምም በሬዎቹን ነድቶ ሲያልፍ አይቶ ቆመ፤ አማትቦ ሄደ።

መንገዱ ሲያልቅ እውነቱን ልናገር፣ አማረ። ከቤቱ በር ተነሥቶ በበረቱ ጎን ይዞራል፣ ወደ ጎመኑ ይታጠፋል፣ እንደገና ዞሮ ከግቢው በር ይደርሳል። አፈሩ ተደልድሎ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ፣ ጎርፍ እንዳይበላው በዳሩ ቦይ ወጥቶለታል። የቤቱን ደፍ እንኳ ቆርጦ ጣለው፤ በመጀመሪያው ዝናብ ውኃው እስከ መደቤ ገብቶ «ልጅህን አወጣህ፣ ክረምቱን አስገባህ» ብዬ ጮኽሁበት። ከግቢው ውጭም አልቀረ፤ እስከ ማርያም ደጃፍ ያለውን ቁልቁለት እያጠማዘዘ ደለደለው። የግቢው በር ማሰሪያ ረጅም ሰው ብቻ የሚደርስበት ነበር፤ በጠፍር አስረዝሞ ተቀምጣ እንድትስበው አደረገ።

ወለተሐና ጋሪውን «በቅሎዬ» አለችው። በሁለት አጫጭር ዱላዎች መሬቱን እየገፋች ትሄዳለች፤ ስትወርድ ዱላዎቹን ከክቡ ፊት ተክላ ትቆማለች። መዳፏ እስኪጠነክር ቆስሎ ነበር። አንድ ቀን በረቱ ጥግ ተቀምጬ ጥጥ ስፈትል ከኋላዬ መጣችና በቅል ውኃ ሰጠችኝ። «ጠጪ እቴቴ፣ ከእንስራው እኔ ነኝ የቀዳሁት» አለች። በጀርባዬ ያዘልኋት ልጅ ውኃ አመጣችልኝ። ጠጣሁና ቅሉን አፌ ላይ እንደያዝሁ አለቀስሁ፤ እንዳታየኝ ነው። በእሑድ ቅዳሴ ላይም እንደ ሌላው ሰው ከሴቶቹ ጋር ሆና ታስቀድስ ጀመር። ወልደአረጋይ ከመቅደስ ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነበር።

ይህ ሁሉ ደስታ አንድ ዓመትም አልቆየ።

ወሬውን ያመጣው ዓወል ነው። ከወደ ሰሜን የከብት በሽታ መጥቷል፣ የነካው በረት አንድ አያስቀርም አለ። እኛ የጨው ነጋዴ ወሬ ያበዛል ብለን ተውነው። ከዚያ የአያ ኪዳነ ማርያም ትልቁ በሬ ዓይኑ አነባ፣ አፍንጫው ተዝረበረበ፣ ሆዱ ፈሰሰና ሞተ። ሌላውም ተከተለ። ሌላውም። የእኛዎቹ ሁለት በሬዎች በአንድ ሳምንት ወደቁ፤ ላሟም ከነጥጃዋ። የሚቀብር ጠፍቶ ገደሉ ሁሉ ሬሳ ሆነ፤ ጅብ እንኳ ጠግቦ ጥሎ ይሄድ ነበር።

በአገሩ ሁሉ ከብት አልቋል። ትግሬም፣ ወሎም፣ ደነባም፣ ለሚም። ማን ቀንበር ቆረጠና ነው ትግሬ ያለው ከብት ያለቀ? ይህን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ግን የኛው በሬ በረቱ ውስጥ ተጋድሞ ሲያየኝ እኔም ዓይኔ ወደ ጋሪው ሄደ። ሰው እንደዚህ ነው፤ አእምሮው የሚያውቀውን ልቡ አይሰማውም።

በፊት ለፊት የተናገረን አልነበረም። ብቻ ሰው ቀረብን። የወልደአረጋይ የንስሐ ልጆች አንድ በአንድ ሌላ አባት ያዙ። ዝክር ሲኖር ይጠሩን የነበሩ መጥራት ተዉ። ወለተሐና በጋሪው ስታልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠሩ ጀመር። እሷም አወቀች፤ ከዚያ ወዲያ ከግቢ አልወጣችም፤ ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተወች። ወልደአረጋይ ግን በየማለዳው ወጥቶ ጎርፍ ያመጣውን ጠጠር እስከ ማርያም ደጃፍ ይለቅም ነበር። «አንድ ቀን ትሄድበታለች» ይለኛል።

በሬ ከሌለ እርሻ የለም። በዶማ የተቆፈረችውን ትንሽ ማሳ ደግሞ ተምች በላት። ረኃቡ ገባ። ዓወል አንድ ጊዜ ለቤታችን ትንሽ ማሽላ ይዞ ወጣ፤ ከዚያ እሱም ቀረ፤ ሞተ ይሁን ዳነ አላውቅም። ሳማ ቀቅለን በላን። የጎመኑን ቅጠል ጨርሰን ወደ ግንዱ ሄድን። የወለተሐና ክንድ፣ በዱላው የጠነከረው ክንዷ፣ ሟሸሸ። ወልደአረጋይ የሚደርሰውን ሁሉ ለእሷ እየሰጠ «ጾም ላይ ነኝ» ይል ነበር። ያ ሁሉ ቀን ጾም ሊሆን አይችልም፤ ቄስ ባልሆንም ይህን አውቃለሁ።

አያ ኪዳነ ማርያም ግን ከጥጋብ ዘመን የቀበረው የገብስ ጉድጓድ ነበረው። ወልደአረጋይ ብዙ ቀን ካሰበ በኋላ ሄደ። እኔና ወለተሐና ጎመኑ ሥር ስንጭር ነበርን፤ አጥሩ ከአያ ኪዳነ ማርያም ግቢ ጋር አንድ ነው፤ ሁሉንም ሰማነው።

«ለልጅቱ ብቻ፣ አያ» አለ ወንድሜ። «ለእኔ አይደለም።»

«አባ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «በሬዎቼን በሉብኝ። አሁን ደግሞ ገብሴን?»

ከዚያ በኋላ የሰማነው የበሩን መዘጋት ብቻ ነው። እኔ በአጥሩ በኩል የምለውን ባልሁ ነበር፤ ወለተሐና ቀሚሴን ያዘችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«እቴቴ፣ አያ ኪዳነ ማርያም በማርያም ስም የለመነውን ይከለክላል?»

«ምን ሊከለክል! ስሙን የሰጡት በኪዳኗ ቀን አይደል? በስሟ ጥርኝ ውኃ የሰጠ ይማራል ተብሏል። የነፍሱን ነገር ይፈራል። ደጀ ሰላም ላለ ለማኝ እጁን አጥፎ አያውቅም።»

«አባዬ ታዲያ ለምን በስሟ አልለመነውም?»

«ቄስ ነዋ! ቄስ እጁን ዘርግቶ 'ስለ ማርያም' ሲል የት አይተሻል? ደግሞ ምሎ የለ።»

«የማለው ለኔ ብሎ ነው» አለች። ጎመኑን መጫር ቀጠለች፤ እኔም ነገሩን ረሳሁት።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ወልደአረጋይ ሊቀድስ ገና ሳይነጋ ወጣ። እኔም ከታች ሸለቆው ውስጥ ሳማ ፍለጋ ወረድሁ። ፀሐይ ከፍ ስትል ስመለስ የግቢው በር ክፍት ነው፤ ጠፍሩ ተንጠልጥሏል። «ወለተሐና!» ብዬ ጠራሁ። ዝም። የክቦቹ ዱካ በመንገዱ አፈር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አንድም ቦታ አልተንገራገጨም፤ እየተጠማዘዘ ወደ ማርያም ይወርዳል። ሳማውን ጥዬ በዚያ በተጎዳ ጉልበቴ ሮጥሁ።

ከማርያም ደጃፍ ካለው ጥድ ሥር ስደርስ ድምፅዋን ሰማሁ። ያ ቀን ሙሉ የሚያወራው ድምፅ የማላውቀው ድምፅ ሆኗል።

«ስለ ማርያም! ስለ ኪዳኗ! ስለ ማርያም!»

ደጀ ሰላሙ ግንብ ሥር፣ ከዓይነ ስውሮቹና ከቁምጥና በሽተኞቹ ጎን፣ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታዋለች። ጋሪው ከኋላዋ ግንቡን ተደግፏል፤ የቀንበሩ እንጨት ወደ ሰው ዞሯል። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ይወጣ ነበር። ሰው ያያታል፣ ጋሪውን ያያል፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

አያ ኪዳነ ማርያም ወጣ። ለነዳያን የሚሰጠውን ገብስ በቋጠሮ ይዟል። ከዓይነ ስውሩ ጀምሮ እፍኝ እፍኝ እየሰጠ መጣና ፊቷ ደርሶ ቆመ። ቀንበሩን አወቀው። ልጅቱንም ከተወለደች ጀምሮ ያውቃታል።

«ስለ ማርያም» አለች ወለተሐና፤ ፊቱን ቀና ብላ እያየች።

ሽማግሌው እጁን ቋጠሮው ውስጥ ከተተ፤ እፍኝ አወጣ፤ ነጠላዋ ላይ አፈሰሰ። ደገመ። ከዚያ የቀረውን ከነቋጠሮው ጭኗ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላው ሳያይ ሄደ። እሱ ሲሰጥ ያዩ ሌሎችም መጡ፤ አንዲት ሴት ቁራሽ ዳቦ፣ ሌላዋ ጥቂት ሽምብራ። ለቄሱ ቤት አንድ ፍሬ ያልሰጠ አገር ለቄሱ ልጅ በማርያም ስም ሰጠ።

ሄጄ ላነሣት እግሬን አንሥቼ ነበር። አባቷ ይኸን አልፈቀደም፣ አዝዬ እወስዳታለሁ ብዬ ነበር። ገብሱን ሳይ እግሬ ቆመ። ረኃብ እንዲህ ያደርጋል፤ ያልቀመሰው አይፍረድብኝ።

በመጨረሻ ወልደአረጋይ መስቀሉን ይዞ ወጣ። እንደ ልማዱ ነዳያኑን ሊያሳልም ጎንበስ እያለ ከዳር ጀመረ። አንዱን አሳለመ፣ ቀጣዩን አሳለመ። ከሷ ሲደርስ መስቀሉ እጁ ላይ ቆመ። እኔ ጥዱን ይዤ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ የሚጮኽ መስሎኝ ነበር። አልጮኸም። ስገልጥ መስቀሉን ግንባሯ ላይ፣ አፏም ላይ አደረገ፤ እሷም ሳመችው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አላት፤ ለማንም የሚለውን። ከዚያ ወደሚቀጥለው ለማኝ አለፈ። መስቀሉ ግን ከእጁ ሊወድቅ ሲል ለማኙ በሁለት እጁ ያዘለት።

ቤት የመለስኋት እኔ ነኝ፤ ዳገቱን ከኋላ እየገፋሁ። ገብሱን ቆላሁት። ወልደአረጋይ አመሻሹ ላይ መጣና በሩ አጠገብ፣ ደፉ በነበረበት ቦታ ተቀመጠ። ቆሎውን ፊቱ አስቀመጥሁ። አልነካውም።

«ብላ እንጂ» አልሁት። «ልጅህ ናት ያመጣችው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለ። «መንገዱን የሠራሁላት እኔ ነኝ።»

ወለተሐና በጋሪዋ ቀረበችው። ቆሎውን በመዳፏ ዘግና ያዘችለት።

«አትቆጣኝ አባዬ። መንገድህ ደግ ነው። እስከ ማርያም ድረስ አንድ ጠጠር እንኳ አልያዘኝም።»

ረጅም ጊዜ እጇን አየ። ከዚያ አፉን እንደ ሕፃን ከፈተላት፤ እሷም አጎረሰችው። እንባው በጢሙ ላይ እየወረደ አኘከ፤ ሌላም አጎረሰችው።

በማግሥቱ ጠዋት ከመኝታዬ ስነሣ ወንድሜ የለም። ዶማውም የለም። ወርጄ ሳይ ከማርያም ደጀ ሰላም ግንብ ሥር፣ ትናንት የተቀመጠችበትን ጭቃ ጠርጎ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየጣለ ነበር። እንዳይቀዘቅዛት ድንጋዩ ላይ ሣር አነጠፈ። ከዚያ ተነሣና ጋሪው በቀላሉ እንዲጠጋ ዳሩን በእጁ መዳፍ ይደለድል ጀመር።